ዴቭ ሮበርትስ፦ ጎበዝ ማናጀር ወይስ ሀብታም ቤት የገባ ዕድለኛ?

ኖቬምበር 1 ቀን 2025፣ ቶሮንቶ። የወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም የአሜሪካ ቤዝቦል የዋንጫ ፍልሚያ፣ ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ። ዘጠነኛው ኢኒንግ (የመደበኛው ጨዋታ የመጨረሻ ዙር)፣ ውጤቱ 4 ለ 4። ባለሜዳው ብሉ ጄይስ ቤዝ ላይ ሁለት ሯጭ አለው። አንዱ ቤት፣ ማለትም ነጥብ የሚቆጠርበት የመጨረሻው ቤዝ፣ ከደረሰ የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ዓመት በዚያው ያበቃል። የዶጀርስ ማናጀር ዴቭ ሮበርትስ ወደ ሜዳ ወጣና ፒቸሩን፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪውን፣ ቀየረ። ያስገባው ዮሺኖቡ ያማሞቶን ነው።

ያማሞቶ በዋዜማው 96 ኳስ ወርውሮ ስድስተኛውን ጨዋታ ያሸነፈ ልጅ ነው። በዚህ ዘመን ያን ያህል የወረወረ ፒቸር አራት ወይም አምስት ቀን ያርፋል። ክንድ ይጎዳል። ይኼ ደግሞ የ325 ሚሊዮን ዶላር ውል የተፈረመበት ክንድ ነው። ያማሞቶ ግን ወጥቶ ስምንት ሰው አሰናበተ። ዶጀርስ በ11ኛው ኢኒንግ 5 ለ 4 አሸነፈ።

በተከታታይ ሁለተኛ ዋንጫ መሆኑ ነው። ከ1998 እስከ 2000 ሦስቴ ካሸነፈው ከኒውዮርክ ያንኪስ ወዲህ ዋንጫውን ያስጠበቀ ቡድን አልነበረም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ለሮበርትስ ከ2020 እና ከ2024 ቀጥሎ ሦስተኛው ነው። አሁን ስሙ ከነቶኒ ላ ሩሳና ከነስፓርኪ አንደርሰን ጋር ይጠራል። እነሱም ሦስት ሦስት አላቸው፤ ሁለቱም የዝነኞች አዳራሽ ገብተዋል።

ይኼው ሰውዬ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት በገዛ ሜዳው ይጮኽበት ነበር። በ2018 ፕሬዝዳንት ዶናልድ ትራምፕ ሳይቀሩ ፒቸር ስለቀየረ በትዊተር ወቅሰውታል። «ይባረር» የሚለው ዘመቻ በየዓመቱ ጥቅምት ሲመጣ አብሮ ይመጣ ነበር። ታዲያ ያኔ የነበረው ሰው ነው የተሳሳተው ወይስ አሁን ያለው? እኔ እንደሚመስለኝ ያኔም ያለአግባብ ተሰድቧል፣ አሁንም በከፊል ያለቦታው ይሞገሳል። ስም ግን ይገባዋል። የሚገባው ለምን እንደሆነ ነው ማየት የፈለግሁት።

ማናጀር ምን ይሠራል?

ቤዝቦል ለማያዘወትር አንባቢ ትንሽ ላብራራ። የእግር ኳስ አሰልጣኝ አጨዋወት ይነድፋል፤ ብዙ ጊዜም ማን ይፈረም በሚለው ላይ ድምፅ አለው። የቤዝቦል ማናጀር ሥልጣን ከዚያ ያነሰ ነው። ተጫዋች የሚገዛው፣ የሚሸጠው፣ ከታችኛው ሊግ የሚያሳድገው የክለቡ አስተዳደር ነው። ዶጀርስ ቤት ይህን ሥራ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ የሚመራው አንድሪው ፍሪድማን ነው። ፍሪድማን ከዎል ስትሪት ተነስቶ ገንዘብ በሌለው በታምፓ ቤይ ክለብ ስም ያወጣ ሰው ነው። ከሥሩ ቁጥር የሚያሰሉ ባለሙያዎች ሞልተዋል። ማናጀሩ ከጨዋታ በፊት የሚያነበው ወረቀት ከነሱ የሚመጣ ነው።

ታዲያ ለማናጀሩ ምን ቀረ? ማን በስንተኛ ተራ እንደሚመታ ይወስናል። ማን ዛሬ እንደሚያርፍ ይወስናል። በስድስት ወር 162 ጨዋታ ስለሚደረግ ይኼ ራሱ ቀላል ሥራ አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን ፒቸሩን መቼ እንደሚያስወጣ የሚወስነው እሱ ነው። አንዴ የወጣ ተጫዋች አይመለስም። ማናጀር የሚመሰገነውም የሚወገዘውም ባብዛኛው በዚህች ውሳኔ ነው።

ከውሳኔው ጀርባ አንድ በደንብ የተጠና ነገር አለ። ጨዋታውን የጀመረ ፒቸር ዘጠኙን መቺዎች በየተራ ይገጥማል፤ ከዚያ ዙሩ እንደገና ይጀምራል። አንድ መቺ ያንኑ ፒቸር በዚያ ማታ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያየው የተሻለ ይመታል። ክንዱ ደክሟል፤ ኳሱም ተለምዷል። ስለዚህ ስሌቱ የሚለው «ጥሩ እየወረወረ እንኳ ቢሆን ሦስተኛው ዙር ሲደርስ አውጣው» ነው። ተመልካች ደግሞ በዓይኑ የሚያየው በሰላም እየወረወረ ያለ ሰው ሲወጣ ነው። ተተኪው ሆም ረን (መቺውንና ቤዝ ላይ ያሉትን ሁሉ ቤት የሚያደርስ ምት) ከተመታበት ማናጀሩ አለቀለት።

የክስ መዝገቡ

የ2018 ወርልድ ሲሪስ አራተኛ ጨዋታ ይኼንን በትክክል ያሳያል። ዶጀርስ ቦስተን ሬድ ሶክስን 4 ለ 0 እየመራ ነው። ሪች ሂል የሚባለው አንጋፋ ፒቸር 91 ኳስ ወርውሮ የተመታበት አንድ ብቻ ነው። ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ ሮበርትስ አወጣው። ከተተኪዎቹ አንዱ ራያን ማድሰን የሦስት ነጥብ ሆም ረን ተመታበት። ቀጥሎ ኬንሊ ጃንሰን አቻ የሚያደርግ ሆም ረን ሰጠ። ጨዋታው 9 ለ 6 በሽንፈት አለቀ፣ በማግስቱ ዋንጫውም ሄደ። የትራምፕ ትዊት የመጣው በዚህ ማታ ነው። በኋላ እንደታወቀው ሂል ራሱ ኢኒንጉ ከመጀመሩ በፊት ማናጀሩን «ዓይንህን ከኔ ላይ አታንሳ» ዓይነት ነገር ብሎት ነበር። ሮበርትስ ይህን የወሰደው ልጁ እንደደከመ አድርጎ ነው።

እኔ በዚህኛው አልፈርድበትም። የ38 ዓመት ሰው፣ 91 ኳስ፣ ራሱ ያስጠነቀቀ። ጥፋት ካለ ማን ገባ በሚለው ላይ ነው። ማድሰን ላይ በዚያው ሰሞን ቀዳሚው ፒቸር ቤዝ ላይ የተወለት ሯጮች በተደጋጋሚ ነጥብ እያገቡ ነበር፤ ያንን አለማየት ግትርነት ነው።

የ2019ኙ ግን ያስቆጫል። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ ሰዎች በደስታ ታስታውሱታላችሁ። ዶጀርስ በመደበኛው ውድድር 106 ጨዋታ አሸንፎ ነው የመጣው። በመጀመሪያው ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር ቀጥሎ ያለው ጥሎ ማለፍ) አምስተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ላይ የዋሽንግተን ናሽናልስን 3 ለ 1 እየመራ፣ ሮበርትስ ትልቁን ክሌይተን ከርሾውን ሰባተኛው ላይ አስገባ። ከርሾው በሦስት ኳስ አንድ ሰው አሰናበተ። ሥራው ተሠርቷል። ሮበርትስ ግን ስምንተኛውም ላይ መለሰው። አንቶኒ ሬንዶን መታ፣ ሆም ረን። የሚቀጥለውን ኳስ ሁዋን ሶቶ መታ፣ ሆም ረን። 3 ለ 3። ከዚያም ጆ ኬሊን ዘጠነኛው ላይ አስገብቶ አሥረኛውም ላይ ተወው። ሦስቱም ቤዝ ተያዘ፤ ሃዊ ኬንድሪክ ግራንድ ስላም መታ። ግራንድ ስላም ማለት በአንድ ምት አራት ነጥብ ነው። የቡድኑ ዋና መዝጊያ (የመጨረሻውን ኢኒንግ የሚወረውር ፒቸር) ጃንሰን ያን ሁሉ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። ናሽናልስ ያንን ዓመት ዋንጫ ወሰደ።

እዚህ ላይ የሮበርትስን ተቃዋሚዎች አንድ ነገር ልጠይቅ። በ2018 «ለምን ቶሎ አወጣህ» ነው ያላችሁት። በ2019 «ለምን አላወጣህም» ነው ያላችሁት። የሁለቱም መለኪያ በኋላ የመጣው ሆም ረን ነው።

የ2020ው ዋንጫም ይህንኑ ጉዳይ በተገላቢጦሽ ያሳያል። ስድስተኛው ጨዋታ ላይ የታምፓ ቤዩ ብሌክ ስኔል ዶጀርስን አስጨንቆ ይዟል። 73 ኳስ ብቻ ወርውሯል፣ ዘጠኝ ሰው በስትራይክ አውት ሸኝቷል፣ ቡድኑ 1 ለ 0 ይመራል። ማናጀሩ ኬቨን ካሽ «ሦስተኛው ዙር ደርሷል» ብሎ አወጣው። የዶጀርስ ሰዎች በዓይናቸው ተደሰቱ። ሙኪ ቤትስ ወዲያው መታ፣ ጨዋታው ተገለበጠ፣ ዶጀርስ 3 ለ 1 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ካሽ በ2018 ሮበርትስ የተሰደበውን ስድብ ተሰደበ። ሮበርትስ ደግሞ ምንም የተለየ ነገር ሳያደርግ ዋንጫ አነሳ። ይኼው ስኔል በ2025 የዶጀርስ ልብስ ለብሶ ነበር። በሰባተኛው ጨዋታ ሮበርትስ ያማሞቶን ሲያስገባ ያስወጣው ፒቸር እሱ ነው። ቤዝቦል እንዲህ ያለ ቀልድ ይወዳል።

ሌላም አለ። በ2017 ዶጀርስን በሰባት ጨዋታ ያሸነፈው ሂዩስተን አስትሮስ በዚያ ዓመት በካሜራ የተቃራኒ ቡድንን ምልክት (ፒቸሩ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረውር የሚነገርበትን) ይሰርቅ እንደነበር የሊጉ ምርመራ በ2020 አረጋግጧል። የሂዩስተን ማናጀር አንድ ዓመት ታገደ፣ ክለቡም አባረረው። ዋንጫው ግን አልተመለሰም። በሮበርትስ መዝገብ ላይ እንደ ሽንፈት ተጽፎ ቀርቷል።

ትንሽ ሒሳብ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። በ2022 ዶጀርስ 111 ጨዋታ አሸነፈ። በክለቡ ታሪክ ትልቁ ቁጥር ነው። ከዚያ 89 ያሸነፈው ሳን ዲዬጎ ፓድሬስ በመጀመሪያው ፕሌይኦፍ 3 ለ 1 አሰናበተው። በ2023 ዶጀርስ 100 አሸንፎ በአሪዞና 3 ለ 0 ወጣ። ሰዎች ይህን ሲያዩ «ሮበርትስ ትልቅ ጨዋታ አይችልም» አሉ።

በወረቀት ላይ እናስላው። አንድ ቡድን ከተጋጣሚው በጣም የተሻለ ነው እንበል፤ ከመቶ ጨዋታ ስድሳውን ያሸንፋል። በፕሌይኦፍ ደረጃ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ይህ ቡድን ሦስት ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት በአምስት ጨዋታ ፍልሚያ የማለፍ ዕድሉ 68 ከመቶ ነው። በሰባት ጨዋታ ፍልሚያ 71 ከመቶ። ዋንጫ ለማንሳት አንድ የአምስት እና ሁለት የሰባት ጨዋታ ፍልሚያ በተከታታይ ማሸነፍ አለበት። ሦስቱን ስታባዙ 34 ከመቶ ገደማ ይመጣል።

ማለትም ሁሌም ከሁሉም የሚበልጥ ቡድን እንኳ ዋንጫ የሚያነሳው ከሦስት ዓመት አንዴ ነው። በአሥር ዓመት ሦስት ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ። ሮበርትስ ከ2016 እስከ 2025 አሥር ዓመት መርቷል። ሦስት ዋንጫ አለው።

ይህ ስሌት ሁለቱንም ወገን የሚያስቀይም ነው። «ይባረር» ሲሉ የነበሩት ሰዎች የተናደዱበት ሽንፈት የቁጥሩ ባሕርይ ነበር። አሁን «ሊቅ ነው» የሚሉትም የሚያዩት የዚያኑ ቁጥር ሌላኛውን ጫፍ ነው። ሦስት ዋንጫ ብቻውን ስለ ማናጀሩ የሚነግረን ነገር ትንሽ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተከታትለው መጡ እንጂ ተራርቀው ቢመጡ ኖሮ ይህን ያህል ጩኸት አይኖርም ነበር።

ገንዘቡስ?

ይህን ያህል ጥሩ ቡድን ማን ሠራው? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው «እኔም ያንን ቡድን ይዤ አሸንፍ ነበር» የሚለው። እውነት አለበት። ዶጀርስ ለሾሄይ ኦታኒ በአሥር ዓመት 700 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ 680ው የሚከፈለው ከውሉ ዘመን በኋላ ነው። ያማሞቶ 325 ሚሊዮኑን የፈረመው በሜጀር ሊግ፣ ማለትም በከፍተኛው የአሜሪካ ሊግ፣ አንድ ኳስ ሳይወረውር ነው። ቤትስ አለ፣ ፍሬዲ ፍሪማን አለ። ይህን ቡድን ይዞ ፕሌይኦፍ አለመግባት ነው የሚከብደው።

ታሪክም ይህን ክርክር ይደግፋል። ኬሲ ስቴንግል ከያንኪስ በፊት በብሩክሊንና በቦስተን ዘጠኝ ዓመት ሲመራ ከሽንፈቱ ድሉ የበለጠበት አንድ ዓመት ብቻ ነበር። እሱንም 77 ለ 75። ከ1949 እስከ 1960 ያንኪስን ሲይዝ በ12 ዓመት አሥር ጊዜ ወርልድ ሲሪስ ደረሰ፣ ሰባቱን አሸነፈ። ሊቅ ተባለ። ከዚያ በ1962 አዲስ የተቋቋመውን ሜትስን ያዘ። 40 አሸነፈ፣ 120 ተሸነፈ። ሰውየው ያው ነው። ጆ ቶሪም በ1995 መጨረሻ ያንኪስ ሲቀጥረው ከድሉ ሽንፈቱ የሚበልጥ ማናጀር ነበር። አንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ «ምንም የማያውቀው ጆ» ብሎ ነው የተቀበለው። በአምስት ዓመት አራት ዋንጫ ወሰደ።

ክርክሩ ግን ሲገፋ ይሰበራል። ገንዘብ ብቻ ቢበቃ ሜትስ በ2023 ማሸነፍ ነበረበት። በዚያ ዓመት በታሪክ ትልቁን የደሞዝ ወጪ ይዞ 75 አሸንፎ 87 ተሸነፈ። ማናጀሩ ባክ ሾዎልተር ከአንድ ዓመት በፊት የዓመቱ ማናጀር ተብሎ ተሸልሞ ነበር። በዚያው ውድድር ዓመት መጨረሻ ከሜትስ ተሰናበተ። ፓድሬስም በዚያው ዓመት ኮከብ ሰብስቦ 82 ለ 80 ጨረሰ። ዶጀርስ በሮበርትስ ዘመን አንድም ዓመት ከፕሌይኦፍ ቀርቶ አያውቅም። የምድቡን አንደኝነት ያጣው በ2021 ብቻ ነው፤ ያኔም 106 አሸንፎ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ጃይንትስ 107 ስላሸነፈ። ቢያንስ 1000 ጨዋታ ከመሩ የሜጀር ሊግ ማናጀሮች የሱን ያህል የድል መቶኛ ያለው የለም። 62 ከመቶ ገደማ ነው።

ደግሞ «ተጫዋቾቹ ናቸው» የሚለው ክስ ለሁሉም እኩል አይነሳም። ሲቶ ጋስተንን ያየ ይህን ያውቃል። በ1992 እና በ1993 ከቶሮንቶ ጋር ተከታታይ ዋንጫ ወሰደ። ወርልድ ሲሪስ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ማናጀር እሱ ነው፤ ሁለተኛው ሮበርትስ ነው። ስለ ጋስተንም «ኮከብ ሞልቶለት ነው» ተባለ። በ1997 ከተሰናበተ በኋላ ቶሮንቶ ራሱ በ2008 እስኪመልሰው ድረስ ማናጀር አድርጎ የቀጠረው ክለብ አልነበረም። ለነጩ ቶሪ ያው ኮከብ መብዛቱ የሰው አያያዝ ችሎታ ተብሎ ተተረጎመለት። እንግዲህ ፍርዱን ለአንባቢ ልተወው።

የሰውየው ሥራ የሚታየው የት ነው?

እኔ የማየው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ለውጡ ነው። የ2018ቱ ሮበርትስ ወረቀቱን የሚያነብ ሰው ነበር። በ2022 ሚያዝያ ሚኒሶታ ላይ ከርሾው ሰባት ኢኒንግ አንድም ሰው ቤዝ ሳያስረግጥ ወርውሮ፣ በ80 ኳስ ላይ አወጣው። በዚሁ ሁኔታ እስከ መጨረሻው የተጠናቀቀ ፍጹም ጨዋታ በሜጀር ሊግ ታሪክ ከ25 ያነሰ ነው። ብርድ ነበር፣ ከርሾው ከጉዳት የመጣ ነበር፣ ከርሾው ራሱም ውሳኔውን ደግፏል። ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ያቺ ውሳኔ የዘመኑን ሮበርትስ ትገልጻለች፦ ዕቅድ ካለ ዕቅድ ነው።

አሁን ኦክቶበር 30 ቀን 2024 ያንኪ ስታዲየም ይምጣ። አምስተኛው ጨዋታ። ዶጀርስ 5 ለ 0 ከመመራት ተነስቶ 7 ለ 6 እየመራ ነው። ስምንተኛው ኢኒንግ፣ ብሌክ ትራይነን ደክሟል። አሮን ጀጅ መትቶበታል፣ ጃዝ ቺዝም በነፃ ቤዝ ሄዶበታል። ሮበርትስ ወጣ። ስታዲየሙ ሁሉ ሊያወጣው ነው ብሎ ጠበቀ። እሱ ግን ሁለት እጁን በትራይነን ደረት ላይ አደረገ፣ ዓይን ዓይኑን አየው፣ ትቶት ተመለሰ። ትራይነን ጂያንካርሎ ስታንተንንና አንቶኒ ሪዞን አሰናበተ። ዘጠነኛውን ለመዝጋት ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት ጨዋታ የጀመረውን ዎከር ቢውለርን አስገባ። ዋንጫ። ይህ በየትኛውም ወረቀት ላይ አልነበረም።

በዚያው ዓመት ዕቅድም ሲያስፈልግ ዕቅዱን አላጣም። ጀማሪ ፒቸሮቹ አብዛኞቹ ተጎድተው ነበር። ፓድሬስ 2 ለ 1 እየመራው፣ አንድ ሽንፈት ሲቀረው፣ ሳን ዲዬጎ ላይ ስምንት ፒቸሮችን ተራ በተራ አሰልፎ 8 ለ 0 አሸነፈ። ከስምንት ሰው አንዱ ቢበላሽ ያ ጨዋታ ሌላ ነው። ማንን ከማን ጋር፣ በስንተኛው ኢኒንግ፣ በየትኞቹ መቺዎች ላይ የሚለው የማናጀር ሥራ ነው። ብዙ ሰው ፍሪማን በመጀመሪያው የወርልድ ሲሪስ ጨዋታ የመታውን ግራንድ ስላም ያስታውሳል። እኔ የዚያን ዓመት ዋንጫ ሳስብ ይቺ የሳን ዲዬጎ ማታ ትቀድመኛለች።

በ2025 ደግሞ ቡልፔኑ፣ ማለትም ተተኪ ፒቸሮቹ፣ ደካማ ነበሩ። ሮበርትስ ይህን አይቶ አሠራሩን ገለበጠው። ጀማሪዎቹን እንዲቆዩ ተዋቸው። ያማሞቶ በፕሌይኦፉ ሁለት ጊዜ ሙሉ ዘጠኝ ኢኒንግ ወረወረ፤ ይህ ዛሬ ብርቅ ነው። ጀማሪ ሆኖ የመጣውን ሮኪ ሳሳኪን ከጉዳቱ ሲመለስ መዝጊያ አደረገው። በሰባተኛው ጨዋታ ኦታኒ፣ ግላስኖው፣ ስኔልና ያማሞቶ አራቱም በአንድ ማታ ወረወሩ። መምታት አቅቶት ከመነሻ አሰላለፍ የወጣውን አንዲ ፓሄስን በዚያው ዘጠነኛ ኢኒንግ ለመከላከል ብሎ አስገባው። ፓሄስ የራሱን ጓደኛ ጥሶ፣ ወደ አጥሩ ሮጦ ዋንጫውን ሊያሳጣ የነበረውን ኳስ ያዘ። ስድስተኛው ጨዋታ ላይ በድንገት ያሰለፈው የ36 ዓመቱ ሚጌል ሮሃስም ሰባተኛውን አቻ ያደረገውን ሆም ረን መታ።

ይህ ሁሉ ሲሠራ ጥበብ ይመስላል። ግን በዚያው ማታ የሠራው ስህተትም አለ። ኦታኒ በሦስት ቀን ዕረፍት ጀምሮ ሦስተኛው ኢኒንግ ላይ በግልጽ ደክሞ ነበር። አላወጣውም። ቦ ቢሸት የሦስት ነጥብ ሆም ረን መታበት። ዘጠነኛው ላይ የቶሮንቶው ሯጭ ከሦስተኛው ቤዝ አንድ እርምጃ ወጣ ብሎ ቢቆም ኖሮ ቤት ይደርስ ነበር። በእግር ጫፍ ልዩነት ነው የወጣው። ቢደርስ ዛሬ የምንጽፈው «ሮበርትስ ኦታኒን ለምን አላወጣም» የሚል ነበር። የያማሞቶን ክንድ አደጋ ላይ ጣለ ተብሎም ይጨመርበት ነበር።

ሁለተኛው ቦታ በስታቲስቲክስ አይታይም። መልበሻ ክፍሉ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ደሞዝ ያላቸውን ሰዎች «ዛሬ ትቀመጣለህ» እያሉ ቡድኑ ሳይከፋፈል ማቆየት ቀላል አይደለም። ቤትስ በዓለም ካሉ ምርጥ የራይት ፊልድ (የቀኝ የውጭ ሜዳ) ተጫዋቾች አንዱ ሆኖ ሳለ ወደ ሾርትስቶፕ፣ ማለትም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ወዳለው ቦታ፣ ሂድ ተባለ፤ ሄደ። በ2024 መጋቢት የኦታኒ አስተርጓሚ የቁማር ቅሌት ሲፈነዳ ቡድኑ ገና ውድድሩን እየጀመረ ነበር፤ አልተናጋም። ሮበርትስ ራሱ ኦኪናዋ የተወለደ፣ እናቱ ጃፓናዊት፣ አባቱ ጥቁር አሜሪካዊ የማሪን ወታደር የነበሩ ሰው ነው። ጃፓናዊ ኮከቦች በበዙበት ክፍል ይህ ምንም አይጠቅምም ማለት አልችልም።

የምወደው ግን ሌላ ነው። በ2025 ዶጀርስ በሜዳው ሁለት ጨዋታ ተከታትሎ ተሸንፎ፣ 3 ለ 2 እየተመራ ቶሮንቶ ገባ። ቡድኑ ሲለማመድ የ53 ዓመቱ ሮበርትስ ወጣቱን ኮሪያዊ ሯጭ ሄሶንግ ኪምን ለውድድር ጠየቀው። ሁለተኛውን ቤዝ ሲዞር በግንባሩ ተዘረረ። ተጫዋቾቹ በሳቅ ሞቱ። ሆን ብሎ ነው እያልኩ አይደለም። ግን በዓመቱ ትልቁ ጭንቀት ዋዜማ ማናጀራቸው መሬት ላይ ተንጋሎ ሲስቅ ያየ ቡድን ሁለቱንም ጨዋታ አሸነፈ። እግሩማ ድሮ ይታመን ነበር። በ2004 ቦስተን በያንኪስ 3 ለ 0 ተመርቶ፣ አራተኛውንም ሊሸነፍ አንድ ኢኒንግ ሲቀረው፣ ሁለተኛውን ቤዝ የሰረቀው (ኳስ ሳይመታ ሮጦ የደረሰበት) ሯጭ እሱ ነበር። ከዚያች ስርቆት በኋላ ነው ቦስተን ተገላብጦ 86 ዓመት የጠበቀውን ዋንጫ ያነሳው። ሁሉም ሰው እንደሚሮጥ እያወቀ የሮጠ ሰው ነው። ምናልባት ትራይነንን ትቶት ሲመለስ የወጣው ያ ሰው ይሆናል።

ስለዚህ ስሙ ይገባዋል ነው የምለው፣ ግን በዋንጫው ቁጥር አይደለም። የ2018ቱ ሮበርትስ ያንን ዋንጫ ቢያሸንፍ እንኳ የዛሬውን ያህል ማናጀር አልነበረም። ከላ ሩሳ ጋር ማነጻጸሩም ለእኔ ገና ነው። ላ ሩሳ በሦስት ክለብ መርቷል፣ በሁለት የተለያዩ ክለቦች ዋንጫ አንስቷል። ሮበርትስ ቋሚ ማናጀር ሆኖ ከዶጀርስ ቤት ወጥቶ አያውቅም። በራሱ ክለብ ውስጥ እንኳ ዋልተር ኦልስተን በአራት ዋንጫ ከፊቱ አለ።

በ2025 መጋቢት አዲስ ውል ፈርሟል። አራት ዓመት፣ በዓመት 8.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ በስፋት ተዘግቧል፤ በዓመት ሲሰላ ለማናጀር እስከዚያ ያልተከፈለ ገንዘብ ነው። እስከ 2029 ይዘልቃል። ያማሞቶና ኦታኒም በዚያን ጊዜ እዚያው ናቸው። ፍሪድማንም አለ፣ ገንዘቡም አለ። ስለዚህ የማናጀሩን ድርሻ ከክለቡ ድርሻ ለይቶ የሚያሳየን ፈተና በቅርቡ አይመጣም። ስቴንግል ያለፈበት ዓይነት ፈተና ማለቴ ነው። ለዚያ ሮበርትስ በ2025 119 ጨዋታ የተሸነፈውን ኮሎራዶ ሮኪስን መያዝ ነበረበት፤ የሚመኘው አይመስለኝም።